የሣህለ ማርያም የካርቶን ኮከብ

ቢቸና ውስጥ ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ተብሎ «ኖር!» ይባላል። ለቄስ ይባላል፣ ለሽማግሌ ይባላል፣ ድሮ ለነገረኛ ባለርስትም ጥርስ ነክሰው ይሉለት ነበር። ለሰዓሊው ለሣህለ ማርያም ግን፣ አርባ ዓመት አልፎት እንኳ፣ ሰው እግሩን ሰብሰብ ካደረገለት ትልቅ ነገር ነው። መቼም እውነቱን እንነጋገርና፣ የሚነሱለት ዓይነት ሰው አይመስልም ነበር። ጢሙ ሳይቀር ቀለም የነካው፣ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ዕቃ ለቃሚ ነው።

የሚኖረው በአንዲት የቀበሌ ክፍል ነው። ክፍሏ ውስጥ የጠፋ ነገር ቢኖር የሰው መቀመጫ ብቻ ነው። የተበሳ ባልዲ፣ ብርጭቆ የሌለው ፋኖስ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የበሬ ቀንድ፣ የማይዘጋ ጃንጥላ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ። ሁሉንም «ለሥራ ይሆናል» ይላል። ሚስቱ ጥሩአየሁ «እኔንም ያገባኸኝ ለሥራ ይሆናል ብለህ ነው?» ስትለው ይህን ከምር ወስዶ ያስብበታል። ሥዕሉም እንደ ክፍሉ ነው። የጠጅ ቤት በር ላይ ብርሌ ሳል ሲሉት ብርሌውን፣ ንቡን፣ ቀፎውን፣ ጠጪውን፣ የጠጪውን በቅሎ፣ በቅሎዋን የሚያይ አንበሳ ጨምሮ ይስላል። ባዶ ቦታ ከተወ ሰነፈ የሚሉት ይመስለዋል።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲሰናዳ፣ ካድሬው ጓድ ገብረ ሕይወት ክፍሏን ለማኅበር ጽሕፈት ቤት ፈለጋት። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቦታ የለም።

«ጓድ ሣህለ፣ ይህ ዝብርቅርቅ ነው» አለ። «ማርያም» የምትለውን የስሙን ጭራ ትርፍ ናት ብሎ ካነሳት ቆይቷል። «አብዮቱ ሥርዓት ይፈልጋል።»

ቀጠለና፣ ውጭ አገር ለትምህርት ተልኮ ያየውን ነገረው። ሕዝቡ በረድፍ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ባለቀለም ካርቶን ከፍ ያደርጋል፣ ከመድረክ ሲታይ ትልቅ ሥዕል ይሆናል።

«ይህን ለበዓሉ ከሠራህልን ክፍሉ ያንተ ነው። ካበላሸኸው ዕቃህን ለቅመህ ትወጣለህ።»

የሞጣው ነጋዴ እንድሪስ ባዶ የሳሙና ካርቶኖች በአህያ አስጭኖ ላከ። ሣህለ ማርያም ባንድ በኩል ቀይ፣ በሌላው ቢጫ ቀባቸው። ሕዝቡን ከገበያው በላይ ያለው ተዳፋት ላይ አስቀመጠና፣ ኮከብ፣ ማጭድ፣ መዶሻ፣ ትራክተር፣ ሁለት በሬ እንዲሁም የዓባይን ድልድይ በአንድ ጊዜ ሊስልባቸው ተነሳ። ጓድ ገብረ ሕይወት ከመድረኩ ላይ ሆኖ ጮኸ።

«ምንድን ነው ይሄ? የተደፋ ሽሮ ነው?»

ሣህለ ማርያም ወጥቶ ሲያየው፣ ሽሮ ነው። ችግሩ ገባው። አንድ ሰው አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሰው ግማሹ በሬ ግማሹ ድልድይ ሊሆን አይችልም። ትራክተሩን አነሳ። ድልድዩን አነሳ። በሬዎቹን ሲያነሳ ከበረት የተነዱበት ያህል ከፋው። በቀይ መሐል አንድ ቢጫ ኮከብ ብቻዋን ቀረች። የራሱ ሥራ አልመስለው አለ፤ ግን አምራ ነበር፣ ይህ ነው ያናደደው።

ሌላው ፈተና ሕዝቡ ነው። የኮከቡን ጫፍ የያዘችው ጠላ ሻጯ ይርጋነሽ በልምምድ መሐል ካርቶኗን ጥላ ወደ መድረኩ መጣች።

«እስቲ ኮከቡን ልየው!»

«አንቺ ስትመጪ እኮ ጫፉ ተቆረጠ» አላት ሣህለ ማርያም።

«ታዲያ እኔ የማላየው ኮከብ ምኔ ነው?»

ጓድ ገብረ ሕይወት ሕግ አወጣ። ማንም ቢመጣ ማንም አይነቃነቅም፣ ማንም አይነሳም። የሁሉም ዓይን ሣህለ ማርያም በያዘው ቀይ ባንዲራ ላይ ይሆናል። ባንዲራው ሲወጣ ካርቶን ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል።

በዓሉ ደረሰ። ከክፍለ ሀገር የመጣው እንግዳ ከላንድሮቨሩ ወርዶ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ሕዝቡ እንደታዘዘው ንቅንቅ አላለም። ባንዲራው ወጣ። ኮከቡ ፍክት አለ። ጓድ ገብረ ሕይወት ፈገግ ሲል ቢቸና ጥርሱን ገና ያን ቀን አየች። ሣህለ ማርያም «ክፍሌ ተረፈችልኝ» አለ በልቡ።

በዚህ መሐል የቅኔው መምህር የኔታ ወልደ ኪዳን በገበያው ሜዳ ጥግ ባለችው መንገድ ብቅ አሉ። የታመመ ሰው ሊጠይቁ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ነው የሚሄዱት፤ ስለ ኮከብ የሚያውቁት ነገር የለም። የከተማው ግማሽ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው፣ ሰዓሊው ጭምር። ሣህለ ማርያም እንዳይነሳ፣ ቀድሞውንም ቆሟል። ስለዚህ ጎንበስ አለና «ኖር!» አለ። ባንዲራው አብሮት መሬት ነካ።

ካርቶኑ ሁሉ ወረደ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ነገር አብሮ መሥራት ያቃተው ያ ሕዝብ፣ ባንድ ጊዜ ብድግ አለ።

«ኖር፣ የኔታ!»

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ። ሜዳ ላይ ምን ሆናችሁ ነው?» አሉና አለፉ።

ሕዝቡ ተቀምጦ ካርቶኑን ሲያነሳ ያም በቀይ፣ ያም በቢጫ፣ እንደመጣለት ሆነ። ሽሮው ተመልሶ ተደፋ።

«የተነሱት ለማን ነው?» አለ እንግዳው ቀስ ብሎ። ለእሱ ማንም እንዳልተነሳ ያን ጊዜ ትዝ ሳይለው አልቀረም።

ጓድ ገብረ ሕይወት ሰዓሊውን ከመድረኩ ጀርባ ጎተተው።

«ሽማግሌው ሆን ብለው ነው የበጠበጡት፣ አይደል? አዎ በል። ክፍልህን አትነጠቅም።»

ሣህለ ማርያም ክፍሉን አሰበ። ባልዲውን፣ ፋኖሱን፣ ጃንጥላውን አሰበ።

«ባንዲራውን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«እሳቸው መጡ።»

በማግስቱ ዕቃው ደጅ ተጣለ። ባልና ሚስቱን የጥሩአየሁ እህት አስጠጋቻቸው፤ ዕቃውን ግን የሚያስጠጋ ቤት የለም። ሣህለ ማርያም ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ይርጋነሽ መጣችና አንድ የቢጫ ቀለም ጣሳ አነሳች። «እኔ ዘንድ ይቀመጥልህ» አለች። አንዱ ባልዲውን ወሰደ፣ ሌላው ቀንዱን። ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ። ጀምበር ሳትጠልቅ ግቢው ባዶ ሆነ፣ ክፍሏም በመላው ቢቸና ተበትና ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ሣህለ ማርያም ለአንድ በር ሥዕል ብሩሹን ካንዱ ቤት፣ ቀለሙን ከሌላው እየለቀመ ይሠራል። አንድ ቀን ቢጫ ቀለም አለቀበትና ወደ ይርጋነሽ ጠላ ቤት ሄደ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጎንብሶ ከበሩ ብቅ ሲል፣ የተቀመጠው ሁሉ ዋንጫውን አስቀምጦ ብድግ አለ።

«ኖር!»

ሣህለ ማርያም ደንግጦ ከበሩ ጥግ ያዘና ለሚገባው ሽማግሌ መንገድ ለቀቀ። ከዚያም ማን እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ማንም አልነበረም።