ሕመሙ የተዋት ቀን

የልጄ የሐያት ሕመም የጀመረው ቁርስ በመተው ነው። እንጀራዋን ቆረሰችና መልሳ አስቀመጠችው። «እማ፣ እምብርቴ ዙሪያ ያመኛል» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ።

በቆቦና በዋጃ መካከል ባለችው መንደራችን ማሽላ የሚቆረጥበት ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን ልጆች ጣፋጩን አገዳ፣ ጥንቅሹን፣ እየላጡ ሲያኝኩ ይውላሉ። ሐያትም በዋዜማው ስታኝክ አይቻታለሁ። ስለዚህ ምንም አልጠየቅኳትም። «ጥንቅሽ አብዝተሽ ነው» አልኳት። ፌጦ ወቅጬ፣ በሎሚ በጥብጬ አጠጣኋት። አስመለሳት። መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

እኔ ልጄ ስታስነጥስ እንኳ የምደነግጥ እናት ነኝ። ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ጥፋቴም ከዚያው መጣ።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ቦታ ቀየረ። ከእምብርቷ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። ጎበጥ ብላ ትሄድ ጀመር። የሳይንስ ደብተሯንም አምጥታ ገለጠችልኝ። የሰው ሆድ በእርሳስ ሥላለች፤ የምግብ ቧንቧው፣ ጨጓራው፣ የተጠማዘዘው ትንሹ አንጀት፣ እሱን የከበበው ትልቁ አንጀት። ትልቁ አንጀት ከሚጀምርበት ቦታ፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ ትል የተንጠለጠለች ትንሽ ነገር አለች። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

«እማ፣ እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ። ትርፍ አንጀት ይባላል። መምህራችን፣ እዚህ ጋ ካመመ ሐኪም ቤት ነው ብላናለች።»

«ደሞ በደብተር በሽታ ይታወቃል? ነገ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው እንጂ!» አልኳት።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያን ሥዕል አላውቀውም ነበር። የማላውቀውንም ከልጄ አፍ መስማት አልፈለግኩም። ደብተሩን ከደነችው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልገለጠችልኝም።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ዘይነባን ጠራኋቸው። በእኛ ሰፈር ሆድ ሲጸና እሳቸው ያሻሉ። እኔንም በልጅነቴ አሽተውኛል።

«አንቺ ልጅ፣ የሰውን ጥንቅሽ ከነማሳው ብቻሽን ጨረስሽው እንዴ?» ብለው ቀለዱባት። እጃቸውን በቅቤ አርሰው ጀመሩ። ሐያት ጮኸች።

«ቋጠሮው እየተፈታ ነው፣ ቻይው የኔ ልጅ» አሏት።

እጇን ያዝኩ። እንዳትንቀሳቀስ አጥብቄ ያዝኩ። ጮኸች። አልለቀቅኳትም።

ድንገት ጩኸቷ ቆመ።

«ተወኝ» አለች። «እማ፣ ሕመሙ ተወኝ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። የእማማን እጅ ሳምኩ። ሐያት ሻይ ፉት ብላ ተኛች። እኔም እያንጎራጎርኩ ወደ ማሽላ ቆረጣው ሄድኩ። ያን ቀን ሙሉ ማሳ ላይ ዋልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰውነቷ ይፋጃል። ዓይኗ ሰርጉዷል። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል። ልነካት እጄን ስዘረጋ «አትንኪኝ» አለች።

ጎረቤታችን አያ ሰይድ በባጃጁ ወደ ቆቦ ወሰደን። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትቃትታለች። እሱም «አፉ በይኝ የኔ እናት፣ አፉ በይኝ» እያለ ይነዳል።

ቆቦ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው። እሷን ሲጠይቃት እኔ መለስኩ። ስለ ጥንቅሹ፣ ስለ ፌጦው አወራሁ።

«እናት፣ እሷ ትንገረኝ» አለ። «ሐያት፣ መጀመሪያ የት ጋ ጀመረሽ? ከዚያስ ወዴት ሄደ?»

በሦስት ቀን ውስጥ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነው። በጣቷ አሳየችው። ሆዷን ቀስ ብሎ ተጭኖ ለቀቅ ሲያደርግ ጮኸች። በአልትራሳውንድ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሕመሙ መሀል ላይ ድንገት ትቷት ነበር?»

«አዎ። ትናንት ጠዋት። ስትታሽ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያኔ ነው የፈነዳው» አለኝ።

በአምቡላንስ ወልድያ ወሰዱን። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሆነች። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት። «ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ መግሉ ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል፤ ፔሪቶናይትስ ይባላል። አጥበናል፤ ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን ግን ሥራው ትንሽ ነበር» አለኝ። ያፈነዳው መታሸቱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «እሱን በእርግጠኝነት ልነግርዎት አልችልም። የተበከለ ትርፍ አንጀት ሳይነካም ይፈነዳል። መታሸት ግን የለበትም። ትናንት ደግሞ መምጣት ነበረባችሁ።» ነጻ አላወጣኝም፤ አልፈረደብኝምም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ረጅም ነበሩ፤ በአፍንጫዋ የገባው ቱቦ ከጨጓራዋ አረንጓዴ ፈሳሽ ይቀዳል፣ በክንዷ ግሉኮስና አንቲባዮቲክ ይገባል፣ እኔም አልጋዋ ሥር ተቀምጬ አንጀት ሲታመም እንደሚተኛ፣ እስኪነቃም ድረስ ምግብ ቁልቁል መግፋት እንደማይችል ከነርሷ እማር ነበር። ነርሷ ጠዋት ጠዋት «አየር ወጣ?» ብላ ትጠይቃለች፤ አየር ከወጣ አንጀቷ ነቅቷል ማለት ነው፤ ሐያት በሐፍረት ፊቷን ትሸፍናለች። ዱዓዬ ሁሉ ለዚያ ሆነ። በአራተኛው ቀን ሲወጣ ድምፁን ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ከጎብዬ የመጡት የጎን አልጋ ታማሚ ስፌታቸውን ይዘው «እሰይ! እንዲህ ያለ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም» እያሉ ሳቁ። ሐያትም ሳቀች፤ ወዲያውም ስፌቷ አሟት አለቀሰች።

ዳነች። ግን ቁስሉ አመርቅዞ እንደገና ተከፈተ፤ ሁለት ወር ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ጓደኞቿ ለፈተና ሲቀመጡ እሷ ክፍሉን ልትደግም ተመዘገበች። እማማ ዘይነባ የሆነውን ስነግራቸው እጃቸውን አገላብጠው አዩት። አሁን ሆዴን ያለ ሰው ሲመጣባቸው «ቆቦ ሂድ» እያሉ ይመልሳሉ።

በቆቦም በወልድያም ለረዱን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለአያ ሰይድም አላህ ይክፈላቸው። እናንተ እናቶች ደግሞ፣ እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወደ ታች የወረደ ሕመም ስታዩ፣ ማስመለስና ትኩሳት ሲጨመርበት፣ ፌጦ አትስጡ፤ አታሳሹ። ምንም ሳታበሉ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ድንገት ቢተዋቸው ደግሞ እንደ እኔ ወደ ማሳ አትሂዱ። ያኔ ነው መሮጥ።

ዘንድሮ ማሽላው ደረሰ። አንድ ጠዋት ሐያት «እማ፣ ሆዴን...» አለችና አቋረጠችው። «ምንም አይደለም» አለች። አሁን አሁን ሕመሟን ትደብቀኛለች፤ ያኔ ባልሰማኋት እኔው ያስተማርኳት ነው።

«የት ላይ ነው? አሳዪኝ» አልኳት።

እሷም ደብተሯን አምጥታ ገለጠችና ጨጓራው ላይ ጠቆመች። እኔም አያ ሰይድን ጠርቼ ቆቦ ወሰድኳት። ሐኪሙ አያትና «ጥንቅሽ አብዝታ ነው» አለ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሐያት ስትስቅብኝ መጣች። እየሳቀች ሳለች እጇን ያዝኩ። ቀስ ብዬ ነው የያዝኩት።