ቁልቋሉ ሥር ያገኘነው መቃብር

ሐረር በመምህርነት ስመደብ ፈላና በር አጠገብ አንዲት መበለት ቤት ክፍል ተከራየሁ። ኮርቻ ሰፊ የነበሩት አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ከሌሎች የከተማው ሰዎች ጋር ተረሽነው፣ የት እንደተቀበሩ እንኳ አልታወቀም። «መቃብሩን ባየሁት» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀበሌው ለችግኝ ተከላ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር አሰማራን። ቁልቋል ስመነጥር ገጀራዬ ድንጋይ መታ። አፈሩን ስጠርገው ፊደል ወጣ፤ የእኛም አይደለ፣ የዓረብም አይደለ።

«ኑ! ኑ እዩ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዉ ዶማውን ይዞ ተሯሯጠ። አንዱን ድንጋይ ስናጸዳ ሌላው ብቅ ይላል። ምሳችንን ረሳነው። አብረውን የወጡ፣ የመን የተወለዱ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«የአይሁዶች መቃብር ነው» አሉ። «ከኤደን ወደብ መጥተው ቆዳ ይነግዱ ነበር። ጎረቤቶቻችን ነበሩ።»

ዳር ላይ ጽሑፍ የሌለው፣ ዙሪያው ድንጋይ የተደረደረበት ረጅም መደብ አየሁ።

«ይሄስ አባባ?»

«ጣሊያን የረሸናቸው ናቸው። የቀበረ ይገደላል ስለተባለ ሬሳቸው ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር። ከእነዚህ አይሁዶች አንዱ ቆዳ ነጋዴ፣ ወደ እኛ መሬት አምጧቸው አለን። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ፤ ከቆፈሩት አንዱ ነበርኩ። ለማንም እንዳንናገር ተማማልን፤ ኋላም ቁልቋሉ ቦታውን ዋጠው» አሉ።

የመበለቷ አባት ትዝ አሉኝ። «ከመካከላቸው ኮርቻ ሰፊ ነበሩ?»

«አውራ ጣታቸው የተቆረጠው? ወላሂ፣ በእኔ ትከሻ ነው የመጡት!»

ቁልቁል ሮጥኩ። ጫማዬ ቢበጠስ በእጄ ይዤው ፈላና በር ደረስኩ።

«እማማ፣ የአባትዎ ጣት ምን ሆኖ ነበር?»

«አውራ ጣታቸውን ካራ ቆርጦት ነበር። ማን ነገረሽ?»

«ተገኙ! አባትዎ ተገኙ!»

ነጠላቸውን መንገድ ላይ እየለበሱ ወጡ። ዳገቱ ላይ እኔ ነኝ ወደኋላ የቀረሁት። ልብስ ሰፊው ቦታውን በእጃቸው ሲያሳዩአቸው መበለቷ ተንበርክከው አፈሩን ዳበሱ። «አባዬ! እዚሁ ነበሩ! እዚሁ አጠገቤ!» እያሉ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። እኛም አብረን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ችግኙን ወደ ማዶ አዛወሩት። ከሳምንታት በኋላ አዋጥተን የሲሚንቶ ሐውልት አቆምን፤ ቄሱም ሼኩም ጸለዩ። ልብስ ሰፊው ያስታወሷቸውን ስሞች እኔ በምስማር ስጽፍ መበለቷ እጄን ያዙኝ።

«መሬቱን የሰጠውስ ሰው?»

ሽማግሌው የነጋዴውን ስም ነገሩን። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ከስሞቹ ሁሉ በላይ ጻፍኩት።