አዲስ ገቢ ማን ነው?

ከቤቴ የወሰዱኝ በጠዋት ነው። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ስጠይቅ «እዚያ ይነገርዎታል» አሉኝ፤ እዚያም የነገረኝ የለም። ጉለሌ ውስጥ ካለ አንድ ጣቢያ አስገቡኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በሰው ትንፋሽ ርሷል። በሩ ሥር ለሌሊት የሚሆን የሽንት ባልዲ፣ ከወዲያ ጫፍ ደግሞ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ካቦ የሚሉት የክፍሉ ኃላፊ፣ ረጋ ያለ ሰው፣ ሕጉን ነገረኝ፦ አዲስ ገቢ በሩ ሥር ይተኛል፤ ሰው በወጣ ቁጥር ሁሉም ወደ መስኮቱ ይጠጋል።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ የሕግ ፍልስፍና አስተምራለሁ አልኩ። ግራ ገባቸው። ዳኛ «ይህ ሕግ ይህን ማለት ነው» ሲል በምን ምክንያት እንደሚል የማጠና ሰው ነኝ ብዬ አስረዳኋቸው። ቀጨኔ ሱቅ ያለው አንድ ጎልማሳ «እሱ ደግሞ ይጠናል?» ብሎ ሳቀ።

አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱ ሥር የሚተኛው ጋዜጠኛ በዋስ ተለቀቀ። አቅፈን ሸኘነውና ተጠጋን። መስኮቱ ለባለሱቁ ደረሰው፤ እኔም ከባልዲው ራቅሁ።

ምሳ ሳንበላ ጋዜጠኛው ተመለሰ። ከግቢው ሳይወጣ ነበር መልሰው የያዙት። ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ በሩ ሥር ቁጭ አለ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ባለሱቁ፣ ወጥቶ የገባ አዲስ ገቢ ነው አለ። ሌሎቹ አይደለም አሉ። ክርክሩ ሲጦፍ ካቦው ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ይፍረዱና።»

እሱ አዲስ ከተባለ እኔ ከበሩ እንደራቅሁ እቀራለሁ፤ ጥቅም ስላለኝ መፍረድ አልችልም አልኩት።

«ጥቅም የሌለው እዚህ ማን አለ?»

ችሎት ተቀመጥን። ባለሱቁ ቃሉን ሙጥኝ አለ፦ ሕጉ «ገቢ» ይላል፤ ሰውየው ደግሞ ዓይናችን እያየ ገብቷል። ለጋዜጠኛው ጥብቅና የቆመው ካቦው፣ እንዲያማ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ስንመለስ ሁላችንም አዲስ ገቢዎች ነን አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጋዜጠኛው ሳይቀር ሳቀ። ጠባቂው ምን ሆኑ ብሎ በሩን ከፈተና፣ ጉዳዩን ሲሰማ ፍርዱን ለመስማት ደገፍ ብሎ ቆመ።

ሕጉ የወጣው ሁሉም የበሩን ብርድ በየተራው እንዲቀምስ ነው፤ እሱ ተራውን ጨርሷል፤ ስለዚህ አዲስ አይደለም ብዬ ፈረድኩ። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞሬ፣ ቃሉን ማጥበቁ ስህተት እንዳልነበረ፣ ግን ለምን ብቻውን እንደማይበቃ ቀስ ብዬ አስረዳሁት።

እሱንም ለምን እንደታሰረ የነገረው ሰው አልነበረም። አዳምጦኝ ሲያበቃ «ተሸነፍኩ፤ ግን ምክንያቱ ተነገረኝ» አለ። ብርድ ልብሱን አጠፈ፤ የጋዜጠኛውንም ፍራሽ ራሱ ተሸክሞ መስኮቱ ሥር አነጠፈለት። እኔ ወደ በሩ ተመለስኩ። በሥራዬ የዚያን ቀን ያህል ተደስቼ አላውቅም።

አሁን ሁላችንም ወጥተናል። ወደ ማስተማሬም ተመልሻለሁ። በቀጨኔ ባለፍኩ ቁጥር ባለሱቁ በርጩማ አውጥቶ ያስቀምጠኝና ይግባኙን ይጀምራል። በቀደም ዕለት፣ «የመስኮቱን ቦታ ስረከብ ሰውየው ይመለሳል ብሎ ያስጠነቀቀኝ አልነበረም፤ በሕጉ መሠረት ያገኘሁትን መልሶ መውሰድስ ሕግ ነው ወይ?» አለኝ። ብዙ አሰብኩ፤ መልስ አጣሁለት። ይህንኑ ስነግረው ደንበኛውን አቁሞ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።