የአማቴ ቋጠሮ

የበደለችኝ አማቴ ናት። በ2011 ዓ.ም.፣ ጅግጅጋ፣ እኔው ጠርጌ ባነጠፍኩት ሳሎን ውስጥ። በሕይወት ሳለች አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ግን አልላትም።

አንድ ጁምዓ ዱዓ ይደረግልኝ ብላ ሽማግሌዎች ጠራች። ልጇ፣ ማለትም ባሌ፣ ቶጎጫሌ ሱቅ ከፍቶ ነበርና ንግዱ እንዲቃናለት መስሎኝ ሩዝና የፍየል ሥጋ ቀቅዬ አበላሁ። ከዚያ ከመጋረጃው ወዲህ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው "ይህች እናት ያሰበችውን አላህ ያሳካላት" ሲሉ መዳፌን ዘርግቼ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

በሳምንቱ ቶጎጫሌ ጨርቅ የምትነግድ ጎረቤቴ ባሌ እዚያ ሌላ ሚስት እንዳገባ ነገረችኝ። ሙሽራዋን መርጣ የዳረችው አማቴ ናት። ዱዓውም ለዚያ ትዳር ነበር። በሠላሳ ዓመት ትዳሬ ላይ ለጣውንቴ አሚን ብያለሁ። አማቴን ሄጄ ስጠይቃት ሳቀች።

"ማን አስገደደሽ? ከሁላችንም በላይ የጮህሽው አንቺ ነሽ።"

ይቅርታ አልጠየቀችኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዓይኗን ሞራ ጋረደው፤ የጠዋቱን ከሰዓት መርሳትም ጀመረች። ወደ መረጠቻት ምራቷ ልትሄድ ፈልጋ ነበር። ያቺ ግን ቤቴ ጠባብ ነው አለች። ባሌ አሮጊቷን እኔ ዘንድ ትቶ በዚያው በሚኒባስ ተመለሰ።

እኔ አጎረስኳት፣ አጠብኳት። ውዱእ አስደርጌ ወንበሯን ወደ ቂብላ አዞርላታለሁ፤ እሷ ተቀምጣ፣ እኔ ከጎኗ ምንጣፍ ላይ፣ አብረን እንሰግዳለን። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያልተሰገደ ሰላት አንገቷ ላይ ይዛ መሞት። ስለዚህ የቀትሩን ሰላት ጨርሳ ገና ከወንበሯ ሳትነሳ ትጠይቀኛለች።

"ዙህርን ሰግጃለሁ?"

ብዙ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። አንድ ቀን ግን አልሰገዱም አልኳት። ውሃ አምጪ አለች። በጅግጅጋ ንፋስ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩላት። አራቱን ረከዓ እንደ አዲስ ስትሰግድ ምስር እየለቀምኩ አየኋት። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሲያሰኘኝ ሁለቴ፣ ሲብስብኝ ሦስቴ አሰግዳት ጀመር። ከንፈሯ እስኪደርቅ ትሰግዳለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልተከራከረችኝም።

አንድ ሐሙስ ሦስተኛውን ዙህር ጨርሳ ጠራችኝና የሻርፗን ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ዳስሺው።"

ጫፉ ላይ አራት ቋጠሮ ነበር። አእምሮዋን ስላላመነችው በሰገደች ቁጥር አንድ ትቋጥራለች፤ ንጋት ላይ ሱብሂ ሲደርስ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

"አንዷ የሱብሂ ናት፣ ሦስቱ የዙህር። ትርፉን አላህ ለኔ ይጽፈዋል። ላንቺ የሚጽፈውን እሱ ያውቃል" አለች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "አሚን በይ እንጂ። ድሮ ጎበዝ ነበርሽ።"

አሚን አላልኩም። ሻርፑን ለቅቄ ወደ ምስሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሱብሂን ከሰገድን በኋላ ጸጉርዎን ላበጥርልዎ ብዬ ሻርፗን ወሰድኩ። የሱብሂዋ ቋጠሮ አጠገብ ሌላ አንድ ቋጥሬ መልሼ አለበስኳት። የዙህር አዛን ካለፈ ትንሽ ቆይቶ ጫፉን ፈልጋ ዳሰሰች፤ ቆጠረችና እንደገና ቆጠረች።

"ሰግጃለሁ ለካ" አለች።

"ሰግደዋል" አልኳት።

አልሐምዱሊላህ ብላ ተኛች። እኔ ዙህርን ብቻዬን ሰገድኩ። እስከሞተችበት ቀን ድረስ የቋጠርኩላት እኔ ነኝ።