ኤደን ያሰረችው ፍሬን

ባሌ እንደሻው ፈሪ ነው። ስሙን ማጥፋቴ አይደለም፤ ራሱን ብትጠይቁት አይክድም። ዕድሜውን በሙሉ ሐረር ውስጥ ታክሲ ነድቷል። ያቺን ከእኔ አስበልጦ የሚወዳትን አሮጌ ፔጆውን ይዞ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ወደ ከተማ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆም ይላል። ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጣል፣ ያማትባል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚለቃት። ተሳፋሪው «ኧረ እንሂድ፣ ረፈደብን!» ቢለው ጆሮ አይሰጥም።

ፍርሃቱ የመጣው ከጓደኛው ከሀብተወልድ ሞት ነው። እዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት፣ ታች ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር ተላትሞ ቀረ፤ ነፍሱን ይማር። ከመኪናው ውስጥ ያወጣው እንደሻው ነው። ከዚያ ወዲህ የፔጆዋን ፍሬን ከሽማግሌው መካኒክ ከጋሽ ሙሳ በቀር ሰው አስነክቶ አያውቅም።

እንግዲህ አስቡት፤ ለዚህ ሰው ነው ልጃችን ኤደን አንድ ቀን ምሳ ላይ «አውቶ መካኒክ ልማር ነው» ያለችው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም፤ በዚያ ዓመት ያለፈውም ጥቂት ነው። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ታነሳ ነበር። ደሞዟ ትንሽ ቢሆንም ቤታችን ውስጥ ይታወቅ ነበር። እንደሻው የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ማስላት ጀመረ። የኮሌጁ ክፍያ፣ ቱታው፣ ጫማው፣ መፍቻው፣ የምዘናው ክፍያ፣ በዚያ ላይ ተምራ እስክትጨርስ የሚቀረው ደሞዝ።

«እሺ፣ ሁሉንም ከፈልን እንበል» አላት። «ሰርተፊኬቱን ይዘሽ ስትወጪ መኪናውን የሚሰጥሽ ማነው? ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መጣ ይባላል። ቤንዚኑ ሲቀር ምን ልትፈቺ ነው?»

«የኤሌክትሪኩም ቁልቁለት ይወርዳል አባዬ» አለች። «ፍሬን የሌለው መኪና የለም።»

ፍሬን የሚለውን ቃል ስትጠራ ፊቱ ጠቆረ። እኔም ደነገጥኩ፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል። ግን ልጄን አየኋት። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትመለስ አንድም ቀን ዓይኗ እንዲህ በርቶ አያውቅም። ፈላና በር ሰፈር ካለችው ሱቄ ፍሪጄን አውጥቼ ለትምህርቷ ሸጥኩት። ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ የምሸጥበት፣ የሱቄ ዋና ገቢ እሱ ነበር። የቀረኝ ሳሙናና ሻማ ነው። ኤደን በተማረችው ሠርታ ካልበላች ሱቁም ይዘጋል፣ እሷም ወደ ድሮ ሥራዋ አትመለስም፤ ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞታል።

ትምህርቱን ጨረሰች፣ ምዘናውንም አለፈች። ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ ጥላ ያለው ቦታ ተከራይታ መፍቻዎቿን ደረደረች። የመጀመሪያዋ መኪና የአባቷ ሆነች። የፊቱን የፍሬን ሸራ፣ ጎማውን ይዞ የሚያቆመውን፣ ቀየረችለት። እንደሻው በሰው ፊት ግንባሯን ስሞ፣ መርቋት፣ እየነዳ ሄደ። እኔ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ሳምንት አለፈ፣ ወሩም አለቀ። ባጃጅ እንኳ ዘይት ለማስቀየር ዞር አላለም። የቦታው ኪራይ ደረሰ። ኤደን ጠዋት ንጹሕ ቱታ ለብሳ ትወጣለች፣ ያንኑ ንጹሕ ቱታ ለብሳ ትገባለች። ንጹሕ ልብስ ያስፈራል ብል ማን ያምነኛል? አስፈራኝ! ከሥራ ስትመለስ ከፊቷ በፊት የማየው እጅጌዋን ሆነ።

ነገሩን የነገረችኝ ሳዳ ናት፤ ከሱቄ አጠገብ ቅመም ትሸጣለች።

«አቦ ጽጌ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «ሾፌሮቹ የሚሉትን ልንገርሽ? እንደሻው ከልጁ ዘንድ ወጥቶ በቀጥታ ሙሳ ጋ ነው የሄደው ይላሉ። አባቷ ያላመናትን እኛ እናምናት ወይ ነው የሚሉት።»

ደሜ ፈላ። ሱቁን ለሳዳ አደራ ብዬ ጋሽ ሙሳ ጋራዥ ሄድኩ።

«ጋሽ ሙሳ፣ የልጄ ሥራ ምን ጉድለት ነበረው? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ወላሂ ምንም» አሉ። «ፈታሁት፣ አየሁት፣ እንደሻው፣ ሥራው ደህና ነው፣ ሂድ አልኩት። እምቢ አለ። እርስዎ ራስዎ ይቀይሩልኝ ብሎ ለመነኝ። አሳዘነኝና ቀየርኩለት።»

«ታዲያ ምነው ይህን ለሾፌሮቹ ቢነግሩልኝ?»

«ማን ጠየቀኝ? መኪናዋን ጋራዤ በር ላይ አዩ፤ በቃቸው።»

ጥግ ካለ ቆርቆሮ ውስጥ ኤደን ያሰረቻቸውን ሸራዎች አውጥተው ሰጡኝ። አዲስ ናቸው። በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

እንደሻውን ፌርማታው ላይ አገኘሁትና ፌስታሉን ጭኑ ላይ ጣልኩለት። ከፍቶ አየና አቀረቀረ።

«ፈራሁ ጽጌ» አለ። «ሀብተወልድን ያወጣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ፈራሁ።»

አዘንኩለት፤ ማዘኔ ግን አፌን አልዘጋውም። «እኔስ? ፍሪጄን ሸጬ ቁጭ ያልኩት ሳልፈራ ነው? ፍራ፣ ማን ከለከለህ! ግን ፍርሃትህን ልጅህ ላይ አትጫንባት። አሁኑኑ ሂድና ሾፌሩ ሁሉ እያየ ሸራዎቹን ራሷ ትመልሳቸው። ከዚያ በሐኪም ጋራ ትወርዳለህ። እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ይህን ያልኩት በንዴት ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ኤደን ነገሩን ስትሰማ መፍቻዋን አነሳች። ሾፌሮቹ ከበው እያዩ ሸራዎቹን አሰረች፣ ደግማ ፈተሸች፣ እጇን ጠረገች። «ታች እጠብቃችኋለሁ» ብቻ አለች።

አፋፉ ላይ ስንደርስ እንደሻው ቆመ። እንደ ልማዱ ፍሬኑን ረገጠ፣ ረገጠ፣ አማተበ። አሁንም አልለቀቃትም። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

«ጽጌ፣ አንቺ ውረጂ» አለኝ። «ምናልባት... ልጅቷ እናት ያስፈልጋታል።»

እውነት እላችኋለሁ፣ እጄ የበሩን መክፈቻ ይዞ ነበር። ግን እኔ ብወርድ ታች ያለችው ልጅ ምን ትላለች? ሾፌሮቹስ?

«ንዳ» አልኩት።

ለቀቃት። ፔጆዋ እየተንደረደረች ወረደች። ፍሬኑ በእኔ በኩል ያለ ይመስል እግሬ ወለሉን ይረግጣል። «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እላለሁ፤ ሌላ ጸሎት ሁሉ ጠፋኝ። መታጠፊያውን ስናልፍ ያ ሀብተወልድ የሞተበት ግንብ ታየ። ከግንቡ ፊት፣ መንገዱ መሃል፣ ቱታ የለበሰ ሰው ቆሟል። ልጄ ናት። ሰዎች «ዞር በይ! ዞር በይ!» እያሉ ይጮኻሉ። ንቅንቅ አላለችም።

«ወይኔ ልጄ!» ብዬ ጮህኩ። እንደሻው ረገጠ።

ፔጆዋ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ፣ ጮኻ፣ ቆመች። ኤደን እጇን ዘርግታ ኮፈኑን ነካችው።

ዘልዬ ወርጄ ያዝኳት። «አንቺ እብድ! ብትሞቺስ?» ብዬ ትከሻዋን መታሁት፤ ከዚያ አቀፍኳት።

«እኔም በፍርሃት ሞቼ ነበር እማዬ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «ያሰርኩትን ብሎን ሁሉ አንድ በአንድ ሳስታውስ ነበር። ግን እናንተ ውስጥ ሆናችሁ እኔ ዳር ልቁም?»

እንደሻው ከመሪው ላይ እጁን እስኪያላቅቅ ጊዜ ወሰደበት። ወረደና በሰዉ መሃል አልፎ መጣ። አሁን ያቅፋታል ብዬ ጠበቅሁ። አላቀፋትም። ወደ ኋላው ጎማ አመለከተ።

«የኋላውም ሸራ አልቋል» አላት። «በስንት ትሠሪልኛለሽ?»

ዋጋውን ነገረችው። ጋሽ ሙሳ የሚጠይቁትን ያንኑ ነው።

«ኧረ እግዜርን ፍሪ! ቀንሺ እንጂ!» አለ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እዚህ ላይ ነው እንባዬ የመጣው። ያን ጊዜ ሲመርቃት አባቷ ነበር። ሾፌር ዋጋ የሚከራከረው ግን ከመካኒኩ ጋር ነው።

«አልቀንስም» አለች ኤደን።

«እሺ» አለ እንደሻው። «ነገ ጠዋት አመጣታለሁ። ግን ራስሽ ነሽ የምትሠሪያት፤ ሌላ ሰው እንዳታስነኪብኝ።»