ፍርሃቴ አንጀቴን የሚያቆስለው መስሎኝ ነበር

የመጀመሪያው ምልክት ደም ነበር። ባሕር ዳር ካለው የጨርቅ ሱቄ ወጥቼ ሽንት ቤት ገባሁ፤ ሰገራዬ ላይ ደምና ንፍጥ አየሁ። አሜባ ይሆናል ብዬ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቼ ዋጥሁ። ትንሽ ተሻለኝ፤ ከዚያ ባሰብኝ። ለገበያ ወደ ወረታ መሄድ ተውሁ። ሹፌሩ መሃል መንገድ ላይ አልቆምም ቢለኝ ምን ይውጠኛል?

ልብሴ ሰፋብኝ። ባለቤቴ ዘሃራ፣ «ሐሳብ አታብዛ፤ አንተን የጣለህ ጭንቀት ነው» ትለኝ ነበር። ለደግ ብላ ነው። እኔ ግን በፈራሁ ቁጥር ፍርሃቱ ራሱ አንጀቴን ሲልጠው ይታየኝ ጀመር። አለመፍራት ደግሞ አልቻልሁም።

አንድ ጧት ለደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ ወደቅሁ። ሆስፒታል ተኛሁ። በኮሎኖስኮፒ፣ የአንጀትን ውስጥ በሚያሳይ ቀጭን ካሜራ፣ አዩኝ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው ተባልሁ። የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት በደም ሥሬ ይሰጠኝ ጀመር።

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መድኃኒቱ ቶሎ ካልያዘልዎ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሊኖርብን ይችላል» አለችኝ።

ዘሃራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በማግስቱ ሐኪሟ ለተማሪዎቿ ስታስረዳ «ስትረስ ፕሮቲን» ስትል ሰማሁ። ስትረስ ጭንቀት መሆኑን አውቃለሁ። «እንግዲያው በራሴ ላይ ያመጣሁት ነው?» አልኋት።

አጠገቤ ተቀመጠች። «አይደለም። ይህ የሕዋሱ ጭንቀት እንጂ የልብዎ አይደለም። ሕዋስ በሙቀት ወይም በብግነት፣ ማለትም በመቆጣትና በማበጥ፣ ሲጎዳ እነዚህን ፕሮቲኖች ያመርታል። ቅርጻቸው የተበላሸ ሌሎች ፕሮቲኖችን ያቃናሉ፤ የአንጀቱን ሽፋን ይከላከላሉ። አንዳንዶቹ ግን ከሕዋሱ ሲወጡ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሰው ብግነቱን ሊያብሱት ይችላሉ። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። ሐሳብ ሕመሙን ሊያከብደው ይችላል፤ ያመጡት ግን እርስዎ አይደሉም።»

ዘሃራ አለቀሰች። «ሳላውቅ ነው ያስጨነቅሁህ» አለችኝ። እጇን ያዝሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ መፍራቴን ግን እንደ ጥፋት መቁጠር ተውሁ።

ደሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ፣ ቢላዋ ሳይነካኝ፣ በዘሃራ ትከሻ ተደግፌ ከሆስፒታል ወጣሁ፤ ዛሬ ሜሳላዚን የተባለውን የአንጀት መድኃኒቴን እየወሰድሁ ሱቄን እከፍታለሁ፣ አመሻሽ ላይም ከእሷ ጋር ጣና ዳር እንሄዳለን። ታዲያ ከመቀመጤ በፊት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ አያለሁ። ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ።

ላስታመመችኝ ዘሃራ፣ ቁጭ ብላ ላስረዳችኝም ሐኪም አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። እናንተም ደም ካያችሁ በግምት መድኃኒት አትዋጡ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁንም ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ረመዳን ሲገባም ሐኪም ሳትጠይቁ አትጹሙ። መፍራታችሁ አይቀርም። ፈርታችሁም ቢሆን ወደ ሐኪም ሂዱ።