ተረስቶ የሚቀር ጃንጥላ

ቦክስ ሪንግ ላይ ብቻ ያለ ይመስላችኋል? ወዲያ! ትልቁ ቡጢ የሚሰነዘረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሪንጉ ውስጥ መጨረሻ የሚገባው ማን ነው፣ ሪንጉ ምን ያህል ይስፋ፣ የተሸነፈው የመልስ ግጥሚያ ይሰጠው አይሰጠው እየተባለ ለአንድ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ወራት ሙሉ ይጨቃጨቁበታል። በዚህ ጭቅጭቅ ደግሞ እትዬን የሚችላት አልተገኘም።

እትዬ የግንቡ ታላቅ እህት ናት። ግንቡ ቦክሰኛ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ቢመቱት ቢመቱት አልነቃነቅ ስላለ ነው። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞት እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። እትዬ የሚላት እሱ ብቻ ነበር፤ ኋላ የግጥሚያ አዘጋጁም፣ ጠበቃውም፣ ጋዜጠኛውም እትዬ አሏትና በዚያው ጸደቀ።

ድርድር የተማረችው ጨርቅ ሱቋ ውስጥ ነው። ገዢ ዞር ካላለ ሻጭ አይለሳለስም፤ ዞር ብሎ ከጠፋም ገበያው ቀረ። እሷም መላ ዘየደች። ነገር ሲከር «በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ!» ብላ ብድግ ትላለች፤ በሩንም ዘግታ ትወጣለች። ጃንጥላዋን ግን ወንበሩ ላይ ትታው ነው። ትንሽ ቆይታ «ውይ፣ ጃንጥላዬን!» ብላ ብቅ ስትል፣ ያ ሁሉ የተኮሳተረ ፊት በርዶ ይጠብቃታል። ውሎ አድሮ ነገሩ ታወቀባት። በወጣች ቁጥር ሰዎቹ ወንበሩን አይተው፣ ጃንጥላው ካለ «ትመጣለች» ብለው ሻይ ያዛሉ። ቢታወቅም ግን ይሠራል።

የዛሬው ድርድር የዓለም ሻምፒዮና ነው። ግንቡ ዕድሜውን ሙሉ የለፋው ለዚህ ነበር። ወጣትነቱ አልፏል፤ ይህ ካመለጠው ሌላ የለም። እትዬ ግን አንድ ሌላ ነገር ታውቃለች። ካለፈው ግጥሚያ ወዲህ ጫማውን አስሮ ሲያበቃ «አስሬዋለሁ እንዴ?» ይላታል። ሐኪሙ ይጋጠም ብሎ ፈቅዶለታል። ሐኪሙማ ምን አለበት፣ አብሮት አይኖር!

የሻምፒዮኑ አዘጋጅ አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚሉት ዓይነት ሰው ነው። ገና ወንበር ሳይሞቅ ግንቡ እንደ ልማዱ ቀልድ አመጣ። «የሆቴሉ አስተናጋጅ ስንት እንቁላል ይጠበስልህ ቢለኝ፣ ዶሮዋን ጥራልኝና ከእሷው ጋር ልደራደር አልኩት!» ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ።

ከዚያ ሪንጉ ላይ ተያዙ። ሻምፒዮኑ እግረ ፈጣን ስለሆነ ሰፊ ይፈልጋል፤ ግንቡ የሚያሳድድበት ጉልበት ስለሌለው ጠባብ ይሻለዋል። አዘጋጁ ግግም አለ፣ እትዬም ግግም አለች። በዚህ መሃል ግንቡ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ «የሆቴሉ አስተናጋጅኮ...» ብሎ ጀመረ። ያችው ዶሮ፣ ያው እንቁላል፣ ያው ሳቅ። ሰዎቹም ሳቁለት። አዘጋጁ ግን አጠገቡ የተቀመጠውን ጠበቃውን በዓይኑ ጠቀስ አደረገውና «እሺ እትዬ፣ ሪንጉ ጠባብ ይሁን» አለ።

እትዬ ገበያ ታውቃለች። ሲሟገት የቆየ ሰው ድንገት እሺ ካለ አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው። ያየውም ወንድሟን ነው። አይተውት፣ ገብቷቸው፣ እየሳቁ ሊያስፈርሙት!

«መጨረሻ የምንገባው እኛ ነን» አለች።

«እትዬ ሙች! መጨረሻ የሚገባውማ ሻምፒዮኑ አይደል? ወጉ ነው» አለ አዘጋጁ።

«እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ!» ግንቡን ክንዱን ይዛ ወጣች።

መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ግንቡ ፊቱ ፈክቷል። «ይኼኔ ሻይ አዘዋል። መቼ ነው የምትመለሺው?» አላት። ወዲያው ዓይኑ ጭኗ ላይ አረፈ። ጃንጥላውን ይዛዋለች።

«እትዬ፣ ዛሬ መርሳቱን ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁትም።»

ስልኳ ጮኸ፤ አዘጋጁ ነው። «አንሺው እንጂ! እሺ ሊሉሽ ነው!»

«እሺ ይሉኛል። የጠየቅኳቸውን ሁሉ ይሰጡኛል። የማላነሳውም ለዚህ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩትን!» ድምፁ መኪናውን ሞላው። «ምን በደልኩሽ?»

እትዬ ጠረጴዛ ላይ ስንቱን ስትዋሽ ኖራለች። ለእሱ የሚሆን ውሸት ፈልጋ አጣች። «የዶሮዋን ቀልድ ሁለት ጊዜ ነገርካቸው» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

ስልኩ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ።

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለተኛውንም ሳቁ?»

«ሳቁ፣ ወንድምዓለም።»

ግንቡ ያን የሚያህል እጁን ዘርግቶ ስልኩን ከእጇ ወሰደና አጠፋው።